ሰባት ሚሊ፣ ሦስት መቶ ወይስ ላፑዋ? ለሩቅ አደን ማግነም ስትመርጡ

የእህቴ ልጅ ኮሎራዶ ነው የሚኖረው። ባለፈው እሁድ ሲደውል ሱሉልታ ቤቴ በረንዳ ላይ ቶናው እየተቀዳ ነበር። «ጋሼ፣ ሰባት ሚሊዋን ሸጬ ላፑዋ ልገዛ ነው» አለኝ። ሲኒዬን አስቀመጥኩ። ሁለቱም ጠመንጃዎች ናቸው፣ በሚጎርሱት ጥይት ስም የሚጠሩ።

ልጁ አዳኝ ነው። እዚያ በየዓመቱ ፈቃድ ገዝቶ ኤልክ ያድናል። ኤልክ የሚሉት ባለ ቅርንጫፍ ቀንድ ትልቅ አውሬ ነው፤ ወንዱ 300 ኪሎ ይደርሳል፣ ያልፋልም። አሁን ደግሞ በሕጋዊ የአደን ድርጅት በኩል ባሌ መጥቶ ደጋ አጋዘን ማደን አምሮታል። ደጋ አጋዘን ማለት ያ አስር ሳንቲማችን ላይ ያለው ባለ ጥምዝ ቀንድ ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም። ወንዱ ከ180 እስከ 300 ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ የልጁ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ለሁለቱም አገር የሚሆን አንድ ጠመንጃ ይፈልጋል። መልሱ ላይ ነው ያልተስማማነው።

እኔ ማነኝ? የጠመንጃ ባለቤት ሆኜ አላውቅም። ግማሽ ዕድሜዬን ግን ባሌና አርሲ ካምፕ ለካምፕ ስዞር ነው ያሳለፍኩት። መጀመሪያ ድንኳን ተካይ፣ ቀጥሎ ዱካ ተከታታይ፣ በመጨረሻ የአዳኝ ረዳት። ብዙ ሰው ሲተኩስ አጠገቡ ተኝቻለሁ። ማን እንደመታ፣ ማን እንደሳተ፣ ለምን እንደሳተ አይቻለሁ። የምጽፈው ከዚያ ነው።

ከካምፕ ዘመን የቀሩኝ ጥቂት ባዶ ቀለሆች አሉ። ባሩድ የላቸውም፣ እርሳስ የላቸውም፣ ናስ ብቻ ናቸው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አውጥቼ ረከቦቱ ላይ በሲኒዎቹ መሐል ደረደርኳቸው። የልጄን የትምህርት ቤት ማስመሪያ ተዋስኩ። ሰባት ሚሊዋ 63.5 ሚሊሜትር ቁመት አላት። 300 ዊንችስተር ማግነም 66.5 ነው። 338 ላፑዋ 69 አለፍ ይላል። የ375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ረጅሙ ነው፣ 72 ሚሊሜትር ከምናምን። በቁመት ትንሹና ትልቁ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሳንቲሜትር አይሞላም። ላፑዋው ግን ሲታይ እንደ ጎረምሳ ነው። ወገቡ ይወፍራል። ቂጡ ወደ 15 ሚሊሜትር ሲጠጋ የሌሎቹ 13.5 ብቻ ነው። ባለቤቴ አየችና «እነዚህ ደግሞ የማን እንግዶች ናቸው?» አለች።

ማግነም የሚለው ስም የመጣው ከሻምፓኝ ጠርሙስ ነው። ትልቁ ጠርሙስ ማግነም ይባላል። እንግሊዞች ስሙን ወስደው ብዙ ባሩድ ለሚይዝ ቀለህ ሰጡት። በሌላ አነጋገር ማግነም ማለት «ትልቁን ስጠኝ» ማለት ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ከዚህ በታች ጥይት ስል ሙሉውን ነው፤ ቀለህ የናሱ ቤት፣ እርሳስ ደግሞ በርሮ የሚሄደው ክፍል። ስለ ጥይቶቹ የማነሳቸው ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሰባት ሚሊና ሦስት መቶ

እውነተኛው ምርጫ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። የቀረው ጌጥ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

7 ሚሊሜትር ሬሚንግተን ማግነም በ1962 ወጣች። 300 ዊንችስተር ማግነም በዓመቱ ተከተለ። ሁለቱም ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ ዛሬም ፈረንጅ አዳኝ ይዞት የሚመጣው ሣጥን ሲከፈት ብዙ ጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው የሚገኘው።

ሰባት ሚሊ አብዛኛውን ጊዜ የምትጎርሰው የ160 ግሬን እርሳስ ነው። በእኛ ቋንቋ 10.4 ግራም። ከአፈሙዝ ሲወጣ በሰከንድ ወደ 900 ሜትር ይበራል። 300 ዊንችስተር ደግሞ 180 ግሬን ማለትም 11.7 ግራም እርሳስ በዚያው ፍጥነት ይልካል። ጉልበቱን ብናሰላ የመጀመሪያዋ 4,200 ጁል ገደማ ናት፣ ሁለተኛው 4,700 ገደማ። ለማመሳከሪያ፣ ሁላችንም የምናውቀው ክላሽ ወደ 2,000 ነው። እንግዲህ ሁለቱም የክላሽን እጥፍ አልፈዋል።

አሁን ወደ ሩቁ እንሂድ። ሁለቱም መነጽራቸው 200 ሜትር ላይ ልክ እንዲመታ ተስተካክሏል እንበል። 400 ሜትር ላይ እርሳሱ ምን ያህል ይወርዳል? ሁለቱም ከ55 እስከ 60 ሳንቲሜትር። ልዩነታቸው በሁለት ጣት ይለካል። በ400 ሜትር ርቀት ሁለት ጣት ለይቶ የሚተኩስ ሰው ካገኛችሁ አስተዋውቁኝ።

ታዲያ ልዩነቱ የት ላይ ነው? ትከሻ ላይ። እኩል ክብደት ባለው ጠመንጃ 300 ዊንችስተር ከሰባት ሚሊ በግልጽ የበረታ፣ ተኳሹ ላይ የሚመለስ ምት አለው። የሚሰጠው ትርፍ ደግሞ ከበድ ያለ እርሳስ ነው፤ አጥንት ሲገጥመው የማይሸማቀቅ። ኤልክ ጎኑን ሳይሆን ገደድ ብሎ ከቆመ፣ ትከሻውን አልፎ ሳንባ ጋ መድረስ ካስፈለገ፣ ያ ክብደት ሥራ አለው።

እና ሌላም ጥቅም አለው፤ ሰው ሲያነጻጽር የሚረሳው። 300 ዊንችስተር በየካምፑ ይገኛል። ሻንጣ ይጠፋል። አንድ ጊዜ የአንድ እንግዳ ጥይት ሌላ አገር ቀርቶ ጠመንጃው ብቻ ደረሰ። ሰውየው ስሙን እንኳን በቅጡ የማላስታውሰው አንድ አዲስ ካሊበር፣ ማለትም የጥይት መጠን፣ ነበር የያዘው። ሦስት ቀን ካምፕ ተቀምጦ የሌላ ሰው አደን በመነጽር አየ። 300 ቢሆን ኖሮ ጎረቤት ካምፕ ለምነን እናመጣለት ነበር።

መቀነት ያላቸውና የሌላቸው

ረከቦቱ ላይ ያሉትን ቀለሆች ተጠግታችሁ ካያችሁ ታችኛው ጫፋቸው ላይ አንድ ቀለበት ዞሮ ታገኛላችሁ። እኛ ካምፕ ውስጥ መቀነት ነበር የምንለው። ይህ መቀነት የመጣው ከ375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ነው፣ ከ1912። ያ ቀለህ ተዳፋት ነው፣ ትከሻ (ወደ አንገቱ ድንገት የሚጠብበት ቦታ) የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ጥይቱ ወደ ፊት አልፎ እንዳይሰምጥ የሚይዘው ነገር ያስፈልገው ነበር፤ መቀነቱ ያዘው። ሰባት ሚሊና 300 ግን ደህና ትከሻ አላቸው። መቀነቱ ለእነሱ የአያት ውርስ ነው። ማግነም ያለ መቀነት አይሸጥም በተባለበት ዘመን የተወለዱ ናቸው።

አዲሶቹ መቀነቱን ፈትተው ጥለውታል። ጥይት አምራቹ ሆርናዲ በ2018 300 ፒአርሲን፣ በ2022 ደግሞ 7 ሚሊ ፒአርሲን አወጣ። ሁለቱም በትከሻቸው ነው የሚቀመጡት። ዋናው ቁም ነገር ግን መቀነቱ አይደለም። ረጅምና ሹል እርሳስ እንዲጎርሱ ተደርገው መሠራታቸው ነው። ሹል እርሳስ አየሩን ቶሎ ይሰነጥቃል፤ ፍጥነቱን ሩቅ ድረስ ይዞ ይሄዳል፤ ነፋስም ብዙ አይገፋውም።

ቁጥር እንይ። ነፋስ ከጎን በሰከንድ አራት ሜትር ተኩል ቢነፍስ፣ ቅጠል የሚያወዛውዝ ዓይነት ማለት ነው፣ የ300 ዊንችስተር የተለመደ እርሳስ 400 ሜትር ላይ ወደ 35 ሳንቲሜትር ይገፋል። 300 ፒአርሲ በ212 ግሬን እርሳሱ 26 ገደማ። 7 ሚሊ ፒአርሲ በ175 ግሬን እርሳሱ 24 ገደማ። የደጋ አጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ የሽሮ ድስት ክዳን ያክላል። ስለዚህ 10 ሳንቲሜትር ቀልድ አይደለም። እዚህ ላይ አዲሶቹን አልክድም፣ አሪፍ ናቸው።

ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ይህ ጥቅም የሚታየው ከ300 ሜትር ወዲያ ነው። 250 ሜትር ላይ ሁሉም አንድ ናቸው። ሁለተኛ፣ ሰባት ሚሊ ወይም 300 ዊንችስተር ቤታችሁ ካለ፣ ሸጣችሁ ፒአርሲ ለመግዛት የሚያበቃ ልዩነት አይደለም። ባዶ እጃችሁን ሱቅ የምትገቡ ከሆነ፣ ያኔ 7 ሚሊ ፒአርሲን ከልብ አስቡት። በተለይ የምትኖሩት ጥይቱ በየሱቁ በሚገኝበት አገር ከሆነ።

አየሩ የሚሳሳበት ቦታ

ሱሉልታ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ሯጮቻችን ማለዳ ማለዳ በደጄ ያልፋሉ። አየሩ ስስ ስለሆነ ሳንባቸው እንዲጠነክር ነው እዚህ የሚሮጡት። ጥይት ግን የሯጭ ተገላቢጦሽ ናት። አየር ሲሳሳ ይቀላታል።

የጥይት ካርቶን ጀርባ ላይ የሚታተመው ሰንጠረዥ ብዙውን ጊዜ ለባሕር ወለል የተሰላ ነው። እኛ ጋ አየሩ ከባሕር ወለሉ ወደ ሩብ ያህል ይሳሳል። ባሌ ላይ ካምፕ የሚተከለው ብዙ ጊዜ 3,000 ሜትር አካባቢ ነው፤ እዚያማ ከሩብም ያልፋል። ስለዚህ ቅድም ያልኩት 35 ሳንቲሜትር የነፋስ ግፊት ባሌ ላይ ወደ 26 ይወርዳል። አያችሁ? ተራራው ራሱ 300 ዊንችስተሩን ፒአርሲ አደረገው። ያለ ተጨማሪ ወጪ።

የእርሳሱም መውረድ ጥቂት ሳንቲሜትር ይቀንሳል። ቴክሳስ ላይ ያስተካከላችሁት መነጽር ባሌ ላይ 400 ሜትር ስትተኩሱ ከጠበቃችሁት ከፍ አድርጎ ይመታል። 200 ሜትር ላይ ግን ልዩነቱ አይታይም። ለማንኛውም ካምፕ እንደደረሳችሁ፣ ሻይ ሳትጠጡ፣ ሦስት ጥይት ዒላማ ላይ ተኩሱ። መነጽር በአውሮፕላን ሲንገላታ ይከርማል።

ሌላው ዳገት ነው። ተራራ ላይ አዳኝ ሁልጊዜ ወይ ወደ ላይ ወይ ወደ ታች ነው የሚተኩሰው። የርቀት መለኪያው 400 ሜትር ቢልና የተዳፋቱ ማዕዘን 30 ዲግሪ ቢሆን፣ ለመሬት ስበት የሚቆጠረው 346 ሜትሩ ነው። 400 ብላችሁ ከተኮሳችሁ ከጀርባው በላይ ታሳልፋላችሁ። ሽቅብም ቁልቁልም ሕጉ አንድ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ላፑዋም ቢይዝ ፋራ ነው።

ትከሻና ጆሮ

አሁን ልጁ ያልወደደው ክፍል መጣ።

338 ላፑዋ ማግነም ለአደን አልተወለደም። ለወታደር አልሞ ተኳሽ ነው የተሠራው፣ በ1980ዎቹ። 250 ግሬን፣ ማለትም 16 ግራም ከምናምን የሚመዝን እርሳስ በሰከንድ 900 ሜትር ገደማ ይልካል። ጉልበቱ 6,500 ጁል አካባቢ ነው። ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ለሚተኩስ ሰው የተሰላ ነገር ነው። ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ አውሬ ላይ የሚተኩስ ሰው ግን አዳኝ አይደለም፣ ቁማርተኛ ነው። እርሳሱ እዚያ እስኪደርስ ከአንድ ሰከንድ በላይ ይፈጅበታል። አጋዘኑ በዚያ ጊዜ አንድ እርምጃ ቢራመድ ሆዱን ነው የምትመታው።

ለዚህ ጥይት የሚሆን ጠመንጃም ወፍራምና ከባድ ነው። የጥይቱ ዋጋ ብዙ ጊዜ የ300ው እጥፍ ገደማ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ምቱ።

አንድ እንግዳ ነበረን። ግዙፍ ሰው፣ እጁ እንደ ዘነዘና። ላፑዋ ሳይሆን ሌላ ትልቅ ማግነም ይዞ መጣ። ጠመንጃው አዲስ ነበር፤ ለጉዞው ብሎ ነው የገዛው። ዒላማ ላይ ሲተኩስ ጎኑ ሆኜ ጣቱን ሳይሆን ዓይኑን አየሁ። ቃታውን ሊስብ ሲል ዓይኑ ይጨፈናል። ትከሻው ወደ ፊት ይገፋል። ለጥይቱ ሳይሆን ለምቱ ነበር የሚዘጋጀው። ሦስተኛው ላይ መነጽሩ መልሶ መታውና ቅንድቡ ላይ ግማሽ ጨረቃ ሠራለት። ደሙን ጠርጎ «ኖ ፕሮብሌም» አለ። ችግር ነበር።

በሦስተኛው ቀን አስታ ቁጥቋጦ ዳር አንድ ትልቅ ወንድ ቆሞ አገኘን። 220 ሜትር ቢሆን ነው። ጎኑን ሰጥቶ የቆመ። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ በደህና ጠመንጃ የማይስተው ነበር። ሰውየው ተኮሰ። ድምፁን ሰማሁ፤ እርሳስ ሆድ ሲመታ እንደ እርጥብ ጆንያ ነው የሚጮኸው። አውሬው ጎብጦ ጫካ ገባ። ሁለት ቀን ተከተልነው። ደሙ በኮሶ ዛፎች ሥር ነጠብጣብ፣ ነጠብጣብ፣ ከዚያ ምንም። ዝናብ መጣ። አላገኘነውም። የቆሰለ እንደተገደለ ነውና የሚቆጠረው ፈቃዱም በዚያው አበቃ። ሰውየው ገንዘቡን ከፈለ፣ እኛ ግን ያን አውሬ ዛሬም አንረሳውም። ከዱካ ተከታታዮቹ አንዱ፣ የአካባቢው ሽማግሌ ነበር፣ «ጠመንጃው ለእንስሳው ሳይሆን ለባለቤቱ ነው የከበደው» አለ።

ስለዚህ ማግነም ስትመርጡ የመጀመሪያው መለኪያ ይህ ይሁን፦ ሃያ ጥይት በተከታታይ ተኩሳችሁ ሃያኛውን እንደ መጀመሪያው ዓይናችሁን ገልጣችሁ መተኮስ ትችላላችሁ? ካልቻላችሁ ጥይቱ ይበዛባችኋል፣ በቃ። መፈተሻም አለው። ጓደኛችሁ ጥይቱን እሱ ይጉረስላችሁ፤ አንዳንዴ የጎረሰ፣ አንዳንዴ ባዶ፣ እናንተ ሳታውቁ። ባዶው ላይ አፈሙዙ ዘልሎ ወደ ታች ካዘነበለ ቀደም ብላችሁ እየደነገጣችሁ ነው። ልጁን ይህን አድርግ አልኩት። ሳቀ። በኋላ ግን አደረገው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

«ሙዝል ብሬክ እገጥምለታለሁ» የሚል መልስ ይመጣል። አፈሙዙ ጫፍ ላይ የሚታሰር ባለ ቀዳዳ ብረት ነው። ጋዙን ወደ ጎን ይተፋዋል፤ ምቱ ይቀንሳል። እውነት ነው፣ ይሠራል። ግን ጎን ላይ ያለው ማነው? እኔ ነኝ። ግራ ጆሮዬ ዛሬም ማታ ማታ እንደ ክራር ክር ይጮሃል። ብሬክ ያለው ጠመንጃ ይዛችሁ ከመጣችሁ ለራሳችሁ ብቻ ሳይሆን ለመሪውም፣ ለዱካ ተከታታዩም የጆሮ መከላከያ ያዙ። ያ ቁራጭ ነገር ከጉርሻ ይበልጣል።

እርሳሱ

ካሊበር ላይ ሰዓታት የሚከራከር ሰው እርሳሱን ሲመርጥ ካርቶኑ ላይ ያለውን ሥዕል አይቶ ነው። ነገሩ ግን ተገልብጧል።

የማግነም ችግር ሩቅ አይደለም፣ ቅርብ ነው። ለስላሳ እርሳስ በዚያ ፍጥነት 50 ሜትር ላይ አጥንት ቢመታ ይፈረካከሳል፤ ቆዳው ሥር ይበተናል እንጂ አይገባም። ባሌ ላይ ደግሞ 400 ሜትር ስትጠብቁ ጫካ ውስጥ በ40 ሜትር ድንገት ሊገጥማችሁ ይችላል። ስለዚህ ልባሱ (ውጭውን የሚሸፍነው ብረት) ከውስጡ ጋር ተጣብቆ የተሠራ ወይም ሙሉ በሙሉ መዳብ የሆነ እርሳስ ምረጡ። እነዚህ ቅርብም ሩቅም ይይዛሉ።

ሩቅ ሲሆን ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል። ብዙ የአደን እርሳሶች እንደ እንጉዳይ ለመከፈት ቢያንስ በሰከንድ 550 ሜትር ያህል ፍጥነት ይፈልጋሉ። ከዚያ በታች እንደ መርፌ ወግተው ያልፋሉ። የ300 ዊንችስተር የ180 ግሬን እርሳስ በባሕር ወለል ላይ ይህን ፍጥነት እስከ 600 ሜትር ገደማ ይይዛል። ልብ በሉ፣ ይህ የጥይቱ ወሰን ነው። የእናንተ ወሰን ሌላ ነው። ካየኋቸው ደህና ተኳሾች መካከል አብዛኞቹ፣ ተኝተው፣ ጠመንጃውን ቦርሳ ላይ አስደግፈው፣ ከ350 ሜትር በላይ ሲሉኝ እንጠጋ ነው የምለው። መጠጋት ነፃ ነው።

ሌሎቹ፣ ባጭሩ

338 ዊንችስተር ማግነም፣ የ1958 ልጅ፣ ደህና ጥይት ነው። 225 ግሬን ይልካል። ከ300ው በላይ ይመታል፣ ጥቂት ይበልጥ ይወርዳል። ለኤልክ ግሩም ነው፤ ለደጋ አጋዘን ከበቂ በላይ።

300 ዌዘርቢ የ1944 ነው፣ ከ300 ዊንችስተር ይፈጥናል። ፈጣን መኪና የሚወድ ሰው ይወደዋል። ትከሻችሁና ኪሳችሁ ይክፈሉ።

375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ለሩቅ አይደለም። ለጎሽ ነው። በብዙ የአፍሪካ አገሮች ለአደገኛ አውሬ ዝቅተኛው ካሊበር ተብሎ የሚታወቅ ነው። ወደ ቆላ ወርዳችሁ ጎሽ የምታድኑ ከሆነ ሌላ ወሬ ነው፤ ያኔ ሁለት ጠመንጃ ያስፈልጋል።

ወረቀቱ

ልጁ «ስመጣ ሱሉልታ ሜዳ ላይ እንሞክራታለን አይደል?» አለኝ። አንተ ልጅ፣ ይህ ኮሎራዶ አይደለም! እዚህ ሜዳው ላይ ላም አለ፣ ከላሙ ጀርባ እረኛ አለ፣ ከእረኛው ጀርባ ቤት አለ። ደግሞም ሕግ አለ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ቀልድ አያውቅም። የዱር እንስሳውን በተመለከተ ደግሞ ራሱን የቻለ አዋጅ አለ። የአደን ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። አደኑ በተከለለ ቦታ፣ በኮታ፣ ፈቃድ ካለው መሪ ጋር ነው። ጠመንጃው ከመምጣቱ በፊት የማስገቢያ ወረቀቱ ማለቅ አለበት፤ ቦሌ ደርሶ «አሁን ልጨርስ» የለም። የጠመንጃው ቁጥርና የጥይቱ ብዛት ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን። አንድ ጥይት ትርፍ ከተገኘ የሚባክነው ቀን ከባሌ ቀናችሁ ላይ ነው የሚቀነሰው።

አየር መንገዶች ለአንድ ሰው የሚፈቅዱት ጥይት እስከ 5 ኪሎ ነው፣ እሱም አስቀድሞ ተነግሯቸው፣ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ። ሃያ ጥይት የያዘ የላፑዋ ካርቶን ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። 300ው ከዚያ በጣም ይቀላል። አርባ ጥይት ይበቃችኋል። ሁሉም ከአንድ ዙር ምርት ይሁን፤ ካርቶኑ ላይ የታተመው የምርት ቁጥር አንድ ዓይነት መሆኑን እዩ። ከተለያየ ዙር የመጡ ጥይቶች አንዳንዴ ቦታ ይቀይራሉ።

ልጁ የት ደረሰ

ሐሙስ ማታ መልሶ ደወለ። ላፑዋውን ከጓደኛው ተውሶ ሞክሮታል። ባዶና የጎረሰውን አቀላቅሎለት ጓደኛው ሲፈትነው፣ ባዶው ላይ አፈሙዙ እንደ ፍየል ጭራ ዘለለ። ራሱ ነው የነገረኝ፤ እየሳቀ። ከዚያ ሰባት ሚሊዋን ከቁም ሣጥን አወጣት። በዚያው ቀን፣ በዚያው ቦታ።

የዒላማውን ፎቶ ልኮልኛል። 100 ሜትር ላይ አምስት ጥይት። ስልኩን ይዤ ወደ ረከቦቱ ሄድኩ። ከጎን ያስቀመጠውን ማስመሪያ አይቼ ቀዳዳዎቹን ሳሰላ፣ አንድ ስኒ ከነማስቀመጫው ሳይሆን ስኒው ብቻ ቢደፋባቸው ሁሉንም ይሸፍናቸዋል።

«ትሸጣታለህ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ አዲስ መነጽር ብቻ ልግዛላት?» አለኝ። ያንን ግዛ አልኩት። መነጽርና 160 ግሬን መዳብ። የቀረውን ገንዘብ ለጆሮ መከላከያ፣ ሦስት ፍሬ።